ሲታይ የማይጠፋው ሞተር

ሻጩ ማሽኑን ከአሮጌ ማራገቢያዎች ሥር ጎትቶ አወጣና አቧራውን በክርኑ ጠረገ።

«የልብ ማሳያ ነው» አለ። «ከሆስፒታል የወጣ። ልብ ሲመታ እዚች መስታወት ላይ መስመር ይሠራል።»

«የማንን ልብ አየህበት?» አለችው ፊውዝ።

«የራሴን።»

«እንግዲያው ስትዋሽ እንዴት እንደሚዘል አይተኸዋላ!»

የልብ ማሳያ አልነበረም። ኦሲሎስኮፕ ነው፤ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ በብርሃን መስመር እየሳለ፣ የት እንደዘለለና የት እንደተደናቀፈ የሚያሳይ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስትጠግን አሥራ አራት ዓመት የኖረችው ፊውዝ እንዲህ ያለ ማሽን ስትመኝ ነው የከረመችው። ያላት መልቲሜትር ብቻ ነበር። መልቲሜትር ቁጥር ይናገራል እንጂ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጠፍቶ የሚመለስን ነገር አይናገርም። አሁን እንቅልፍ የነሳት ደግሞ ልክ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ማሽኑን ሶኬት ላይ ሰክታ እስኪሞቅ ጠበቀች። የመለኪያውን ሽቦ ጫፍ ማሽኑ ራሱን በራሱ ለመፈተን ከፊቱ ላይ በተበጀችለት ትንሽ ብረት ላይ ስታሳርፈው፣ መስታወቱ ላይ አራት ማዕዘን መስመሮች እንደ አጥር ተደረደሩ። ማዕዘኖቹ ትንሽ ጎብጠዋል። በቀጭን ካቻቪቴ ሽቦው ላይ ያለችውን ብሎን ነካ ስታደርግ ቀጥ አሉ። ሁለተኛው መስመር ያንቀላፋል፤ ጎኑን በጥፊ ስትለው ግን ነቃ። ሻጩ ፊቷ ላይ ፈገግታ አየና ዋጋ ሊጨምር አፉን ከፈተ። እሷም ማሽኑን መልሳ ማራገቢያዎቹ ሥር ለመክተት ጎንበስ አለች። ጠግና ባስቀመጠችው አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ተለዋወጡ።

ፊውዝ የሚለውን ስም ያወጡላት የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ቶሎ ስለምትቃጠል። ታላቅ ወንድሟ ብቻ «ፊውዝ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው» እያለ ይከራከርላታል። ይህን ማሽን ያስገዛትም የእሱ ጉዳይ ነው።

ወንድሟ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ሰኞ ዕለት ሰው ሞልቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ድንጋይ ይሆናል። በሁለት እጁ ከመሪው ጋር እየታገለ ፍሬን ያዘ፤ አውቶቡሱ የእግረኛ መንገዱን ወጥቶ የብረት አጥር ተደግፎ ቆመ። ሰው አልሞተም። ቆማ የነበረች አንዲት ልብስ ሰፊ ግን ወድቃ ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። ይህች ልብስ ሰፊ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በእሱ አውቶቡስ የሄደች ሴት ናት።

አሁን ልብ በሉ። የድርጅቱ ዋና መካኒክ አውቶቡሱን የመረመረው በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ነው። ይህ ሰው ረጅም ካቻቪቴ አለው። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። በዚህም «ሐኪሙ» ይሉታል። ብዙ ሰው አንቱ ይለዋል፤ ይህ ታሪክ ግን አይለውም። ሐኪሙ ለሁለት ደቂቃ አዳመጠና ጻፈ፦ «ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሹፌሩ ነዳጅ ቆጥቦ ለመሸጥ ሲል ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቷል።»

ቆጥቦ ለመሸጥ! ተሳፋሪ የረሳውን ጃንጥላ ሦስት ቀን ይዞ ባለቤቱን የሚፈልገውን ሰው! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ተመራ። ሐሙስ ይወሰናል፤ ከተፈረደበት ሥራውም መንጃ ፈቃዱም ይሄዳሉ።

ወንድሟን የሰበረው ግን ይህም አይደለም። ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋን ሊጠይቃት ሄዶ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ አየችውና «አንተን አምኜ አልነበር የምቆመው?» ብላ ዘጋችበት። ቤት ሲመለስ ምሳ ቀረበለት፤ «በልቻለሁ» አለ። ሚስቱ እያለቀሰች ወደ ፊውዝ ሱቅ መጣች። ፊውዝ መበየጃውን ብረት ነቅላ፣ ሱቋን ዘግታ፣ ያን ጊዜውኑ ወደ አሮጌ ዕቃ ተራ ገሠገሠች።

ረቡዕ ጠዋት ከወንድሟ ጋር፣ ማሽኑንና ኃይል የሚሰጠውን የባትሪ ሣጥን ይዛ፣ ድርጅቱ ግቢ ደረሰች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ፊውዝን ሰሟት።

«ሞተሩ የሚጠፋው ሲሞቅ ብቻ ቢሆንስ? የሞተሩን መዞር ከሚቆጥረው ሴንሰር የሚመጣው ምልክት ለቅጽበት ቢቋረጥ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይዘጋል። ይኼ ማሽን ያን ቅጽበት ያሳያል። ሁለት ሰዓት ብቻ ይስጡኝ።»

ሐኪሙ ሳቀ። «እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን እቺ በቴሌቪዥን ልታይ ነው?»

«ጆሮዎ ሽቦ ውስጥም ይገባል እንዴ?» አለች ፊውዝ። ወንድሟ ከኋላዋ ቀሚሷን ሳብ አደረጋት።

ሰብሳቢዋ ፈቀዱ። በዚያ አውቶቡስ ሞተሩ ያለው ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ፣ ከክዳን ሥር ነው። ፊውዝ ክዳኑን ከፍታ የሴንሰሩን ሦስት ሽቦዎች አገኘች፤ አንዱ ምልክቱን የሚያመጣ፣ አንዱ ኃይል የሚሰጠው፣ ሦስተኛው ኤሌክትሪኩ ዞሮ ወደ አውቶቡሱ ብረት የሚመለስበት የግራውንድ ሽቦው። የማሽኑ ሁለት መለኪያዎች እያንዳንዳቸው አንድ መንካሻ ጫፍና አንድ ጥቁር ክሊፕ አላቸው። አንደኛውን ምልክቱ ላይ፣ ጥቁር ክሊፑን ሴንሰሩ ግራውንድ ላይ አሰረች። ሁለተኛውን ኃይሉ ላይ፣ ጥቁር ክሊፑን የአውቶቡሱ የብረት አካል፣ ሻንሲው ላይ። ጥንቃቄ መሆኑ ነው። በአንዴ ሁለቱንም ለማየት።

ሐኪሙ ራሱ ነዳ። ሰብሳቢዋ አጠገቧ፣ ወንድሟ ከኋላ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጡ፣ ቁልቁለት ወረዱ። ሞተሩ ጋለ፤ ክዳኑ አጠገብ እጅ አላስቀምጥ አለ። ፊውዝ ዓይኗን ከመስታወቱ ላይ ሳትነቅል ቆየች። መስመሩ እንደ ወታደር ሰልፍ ነው፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልዘለለ። ያ ቁልቁለት ጋ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ምንም። ወንድሟን ዞር ብላ ማየት አቃታት።

ግቢ ሲገቡ ሐኪሙ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ። «በራሷ ማሽን!» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። «በራሷ ማሽን ጤነኛ ነው!» ሰብሳቢዋም እያዘኑ ጻፉ፤ ፊውዝም ያየችውን ነውና ፈረመች። እሳት ጎርሳ የመጣች ሴት፣ ለወንድሟ መስቀያ ገመድ ገምዳ ስትመለስ አስቡት። ማሽኗን ለመሰብሰብ ተመልሳ ገባች፤ ከሻንሲው ላይ ያለውን ጥቁር ክሊፕ ነቀለች፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ሽቦዎቿን ጠቀለለች፤ ወጣች።

በእግራቸው ወደ ሱቋ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትመታለች። ወንድሟ ማሽኑን ተሸክሞላታል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና በርጩማ ላይ ቁጭ አለ።

«አትዘኚ» አላት። «የአቅምሽን አድርገሻል።»

«እሱ አይደለም ያናደደኝ፣ ጋሼ! እንዴት ያን ያህል ይኮራብናል? ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ዘሎ ወርዶ! አንተ ባታጠፋው ነዳጁ በከንቱ ሲነድ ሊውል አልነበር? ነዳጅ ቆጣቢው ተከሳሽ፣ ነዳጅ አባካኙ ከሳሽ!»

«እኔ መች አጠፋሁት?»

«መኪናውን ነዋ። እኔ ሽቦ ስነቅል።»

«እንዴ፣ አንቺ አይደለሽም እንዴ ያጠፋሽው? እኔ እኮ ከኋላ ወንበር አልተነሳሁም። ቁልፉን መንካት ተከልክያለሁ።»

ፊውዝ ጠምጥማ የያዘችው ሽቦ ከእጇ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቁልፉን አልነካሁም።»

ተያዩ። ሐኪሙ ውጭ ነበር። ሰብሳቢዋ ውጭ ነበሩ። አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ፊውዝ መልቲሜትሯን አነሣች። የማሽኑን ሁለት ጥቁር ክሊፖች፣ አንዱን በአንዱ ጫፍ፣ ሌላውን በሌላው ነካች። መልቲሜትሩ ጲጵ አለ። አዎ፣ ታውቀዋለች! አሥራ አራት ዓመት የሠራች ሴት እንዴት አታውቅም? ሁለቱ ጥቁር ክሊፖች ማሽኑ ሆድ ውስጥ አንድ ናቸው። አንዱን የሴንሰሩ ግራውንድ ላይ፣ ሌላውን ሻንሲው ላይ ያሰረ ሰው በሁለቱ መካከል ድልድይ ሠራ ማለት ነው። የሚቋረጠው የሴንሰሩ ግራውንድ ከነበረ፣ ፊውዝ ሕመሙን ልታይ ሄዳ ሳታውቀው መድኃኒቱን አስራለት ሁለት ሰዓት ስትዞር ዋለች። ማሽኑ እያየው ሞተሩ አይጠፋም። ማሽኑ ዓይኑን ሲያነሣ ይጠፋል።

ግንባሯን በመዳፏ መታች። «እኔ ነኝ የፈወስኩት! እኔ ጅሏ!»

«ታዲያ አሁን አውቶቡሱ የት ነው?» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ።

«ግቢው ውስጥ ነዋ።»

«አይደለም። ጤነኛ ነው ብለው ከፈረሙ፣ ነገ ጠዋት በሌላ ሹፌር ሥራ ይገባል። ሰው ይጭናል።» ፊቱ አመድ መሰለ። በዚያን ሰዓት ስለ ራሱ አላሰበም።

በዚያው ቀን ወደ ድርጅቱ ተመልሰው ሄዱ። ዘበኛው «ሰብሳቢዋ ወጥተዋል» አለ። ሐኪሙ በመስኮት አይቷቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በማግስቱ አውቶቡሱ ሰው ጭኖ ወጣ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ፊውዝ ያቺን «እያደር» የምትባል ቃል ትጠላታለች። እያደር ሲባል መሐል ላይ የሚሰበረው የማን ክንድ ነው?

ሐሙስ ኮሚቴው ሲሰበሰብ እሷም ወንድሟም ቀርበው ነበር። ክፍሉ ከጋራዡ በላይ ነው፤ የዘይት ሽታ በመስኮት ይገባል። ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ገልጠው «የትናንቱ ፈተና ግልጽ ነው፤ የተከሳሹም እኅት ፈርማበታለች» አሉ። ሐኪሙ ካቻቪቴውን ደረት ኪሱ ሰክቶ ወንበሩ ላይ ተለጥጧል።

ፊውዝ ተነሣች። ደሟ ፈልቷል። ወንድሟ ሊስባት እጁን ሰደደ። እሷ ግን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«እመቤቴ፣ የፈረምኩት በፈተናው ነው። ፈተናው ግን አላለቀም። ክሊፖቹን ስንነቅል ማንም አላየም። የጀመርነውን እንጨርስ።»

«መንቀል ደግሞ ምን ፈተና አለው?» አለ ሐኪሙ። «ልብስ ተለክቶ ሲያልቅ ሜትሩ ይጠቀለላል። አለቀ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይንቀሉት» አለችው ፊውዝ። «እኔ እጄን አላስገባም።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለቱንም አዩና ተነሡ።

አውቶቡሱ ለሹፌር ቅያሪ ገና መግባቱ ነበር፤ ሞተሩ ግሏል። የነዳው ሹፌር ከበሩ ሲወርድ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል፤ ማንንም ሳያይ ሊያልፍ ሲል ወንድሟ ክንዱን ያዘው። «ጠፍቶብሃል፣ አይደል?» ሹፌሩ ወደ ሐኪሙ ሰረቅ አድርጎ አየና «ሁለት ጊዜ» አለ በሹክሹክታ። «አደራህን፣ እንዳትናገር። ሌባ ነው ይሉኛል።» ፊውዝ ሰማች። የሰማችውን ዋጠች።

ማሽኗን እንደ ትናንቱ አሰረችው። ሰብሳቢዋን ሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። «ቁልፉን ያስነሡና እጅዎን ከላዩ አያንሡ።» አስነሡት። ወንድሟ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፤ ሁሉም እንዲያየው። ሞተሩ እያጉረመረመ፣ መስመሩ በመስታወቱ ላይ በሰልፉ ይሄዳል።

«ይኼውልዎት» አለ ሐኪሙ። «ጤነኛ።» ጎንበስ አለና በሁለት ጣቱ፣ እንደ ቆሻሻ ነገር፣ ከሻንሲው ላይ ጥቁሩን ክሊፕ ነቀለ።

ሞተሩ ቀጥ አለ።

ግቢው ፀጥ ሲል ከወዲያ ጥግ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ተሰማ።

«ማነው ያጠፋው?» አሉ ሰብሳቢዋ። እጃቸው ቁልፉ ላይ ነው፤ ቁልፉ እንዳለ ነው።

«እኔ... ምንም አልነካሁም» አለ ሐኪሙ።

«ሰኞ ዕለት እሱም እንዲህ ነበር ያለው» አለች ፊውዝ።

ክሊፑን መልሶ እንዲያስር ነገሩት። አሰረ፤ ሰብሳቢዋ ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ ተነሣ። ነቀለ፤ ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ አሰረና ነቀለ፤ አሁንም ጠፋ። ሰብሳቢዋ «ይበቃል» ሲሉ ነው የተወው።

ፊውዝ ባትሪዋን አብርታ የግራውንዱን ሽቦ ተከትላ ወረደች። ሽቦው ሻንሲው ላይ በብሎን ታስሯል። ከብሎኑ ሥር ያለው ብረት የሚያብረቀርቅ አዲስ አረንጓዴ ቀለም ለብሷል። ከሁለት ወር በፊት ትልልቅ ሰዎች ጋራዡን ሊጎበኙ ሲመጡ፣ ሐኪሙ አውቶቡሶቹን ከላይ እስከ ታች አስቀብቶ ነበር። ሽቦዎቹን አስፈትቶ፣ አስቀብቶ፣ ቀለሙን ሳያስፍቅ በላዩ አሳሰረ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሽቦው በብሎኑ ጥርስ ብቻ በጭላንጭል ይነካ ነበር፤ ሲግል ያም ይለቃል። እንግዲህ ለሁለት ቀን እንግዳ እንዲያምር ተብሎ ነው የሴትየዋ ክንድ የተሰበረው።

«ትንሽ ነገር ናት» አለ ሐኪሙ ላቡን እየጠረገ። «ለጊዜው ቁራጭ ሽቦ አስረንላት የከሰዓቱን ሥራ ትውጣ። ሪፖርቱ ላይ ‹መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጓል› ብለን...»

ይሄኔ ፊውዝ ተቃጠለች።

«መጠነኛ? ሃያ ሁለት ዓመት የሠራን ሰው ሌባ አድርጎ መጠነኛ? ዛሬ ጠዋት ያን ሁሉ ሰው የጫነው ሹፌር ሁለት ጊዜ ጠፍቶበት አንተን ፈርቶ አፉን ሲለጉም መጠነኛ? ትናንት በመስኮት አይተኸኝ ፊትህን ስታዞር መጠነኛ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች! ጆሮህን ሞተር ላይ ከምትለጥፍ ለሰው ብትሰጠው ምን ነበረበት!» አንቱታው የት እንደወደቀ ማንም አልጠየቃት። ሰብሳቢዋም አላስቆሟትም።

ሲበርድላት ወንድሟ ከመጨረሻው ወንበር ተነሥቶ መጣ። ከሐኪሙ ደረት ኪስ ያን ረጅም ካቻቪቴ ሳብ አድርጎ አወጣና መልሶ እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«በዚህ ይፋቁት» አለው። «ብረቱ እስኪያበራ። የሌሎቹንም አውቶቡሶች።»

ሐኪሙ ሰብሳቢዋን አየ። እሳቸው ወደ መሬት ጠቆሙት። ጋቢናው ወለል ላይ ተንበርክኮ ፋቀ። አረንጓዴ ፍቅፋቂ እጅጌው ላይ ተበተነ።

ሰብሳቢዋ ክሱን ሰርዘው ወረቀቱን ለወንድሟ ዘረጉለት። «ከነገ ጀምሮ ሥራህ ላይ ነህ። ሌላ የምትፈልገው ነገር አለ?»

«አንድ ነገር» አለ። «እዚህ የተጻፈውን ልብስ ሰፊዋ አታነበውም። እኔ ብነግራት አታምነኝም። ሐኪሙ ራሳቸው ይንገሯት።»

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሐኪሙ ከፊት፣ እነ ፊውዝ ከኋላ። ልብስ ሰፊዋ ቀኝ ክንዷ በጄሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በግራ እጇ መቀስ ይዛ ከአንድ ቁራጭ ጨርቅ ጋር ትታገላለች። ጨርቁ እየተንሸራተተ አስቸግሯታል። ቀና ብላ አየቻቸው።

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «የቴክኒክ... የግራውንድ መስመሩ ላይ በተፈጠረ...»

«በሰው ቋንቋ» አለች ፊውዝ ከኋላው።

ሐኪሙ ካቻቪቴውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሞተሩን እሱ አላጠፋውም። ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ ሽቦውን በቀለም ላይ ያሳሰርኩት።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። የታሰረ ክንዷን አየች። ከዚያ ሐኪሙን አልፋ፣ በሩ ላይ ኮፍያውን በሁለት እጁ የያዘውን ሹፌር ተመለከተች።

«ነገ ጠዋት» አለችው፣ «በስንት ሰዓት ነው የምታልፈው?»